በአያትሽ ቤት ምሁርና አርቲስት ከማስገባትሽ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በሐረር የግንብ ቅጥር፣ ጀጎል ውስጥ ከአያቴ የወረስኩት የሐረሪ ቤት አለ። ሦስት ተመራማሪዎችና ሦስት አርቲስቶች ለሦስት ወር አብረው የሚኖሩበትና የጋራ ሥራ የሚሠሩበት ሬዚደንሲ ላደርገው አስቤያለሁ። ቤቱን እንዴት ላዘጋጀው? እነማንን ልምረጥ? አብረው እንዲሠሩስ ምን ግዴታ ልጣልባቸው? የአያቴን የአለላ ስፌቶች ከግድግዳው ላውርድ ወይስ ይቀመጡ?»

እህቴ፣ እኔ የድሬ ዳዋ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ አንቱታ ብዙ እንደማይዘወተር ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። ሥራዬ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ማደራጀት ነው። ከአራቱ ጥያቄዎችሽ ከሦስተኛው እነሳለሁ፤ የቀሩትን የሚያበላሸው እሱ ነውና። ምንም ግዴታ አትጣይባቸው። «የጋራ ሥራ» የሚለውን ሐረግ ከማስታወቂያሽ ላይ ሰርዢው።

ይህን የምልሽ ራሴ ስቼ ስላየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ አንድ አሮጌ ግቢ ተከራይተን አራት ሰዎች ለአራት ሳምንት አስገባን፤ አንድ የቋንቋ ተመራማሪ፣ አንድ የምድር ባቡርን ታሪክ የሚያጠና ሰው፣ አንዲት ሠዓሊ፣ አንድ ሙዚቀኛ። ገንዘብ የሰጠን ወገን «የጋራ ውጤት» ስለሚፈልግ እኔም ታዝዤ ቅጽ አዘጋጀሁ። ዓርብ ዓርብ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሞልተው እንዲያስረክቡኝ አደረግሁ። ሁለት ዓርብ ተሞላ። የተጻፈው ሁሉ ውሸት ነበር፤ ጨዋ ውሸት፦ «ሐሳብ ተለዋውጠናል»፣ «ተቀራራቢ ጭብጦችን ለይተናል»። እውነቱ ግን ሠዓሊዋ የባቡሩን ሰው ከመሸሿ የተነሣ ምሳዋን ክፍሏ ድረስ ታስመጣ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መብራት ሦስት ቀን ሙሉ ጠፋ። ኮምፒውተሮቹ ተዘጉ። የድሬ ሙቀት ደግሞ ያለ ቬንቲሌተር ቤት ውስጥ አያስቀምጥም፤ ሁሉም አንድ በአንድ ወደ ጓሮ ወጡ፤ ምግብ አብሳያችን ከሰል አያይዛ ሽንኩርት ወደምትከትፍበት ጥላ። የቋንቋው ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ቢያሳፍረው ምስር መልቀም ጀመረ። ሠዓሊዋ ቀለሞቿን በሻይ ብርጭቆ እየበጠበጠች መሬት ላይ ደረደረቻቸው። አብሳይዋ ከሽንኩርቷ ቀና ብላ አየቻቸውና «ይቺ ዳለቻ ናት፤ ያቺኛዋ ደግሞ መጋላ» አለች። ሠዓሊዋ ሳቀች። ለድሬ ሰው መጋላ ከደቻቱ ማዶ ያለው ሰፈርና ገበያው ነው እንጂ ቀለም አይደለም። አብሳይዋ ግን ከብት ከሚያረባ ቤት የወጣች ናት፤ «የበሬ መልክ ነው እንጂ! ቀይ ሆኖ ጠቆር ያለው» ብላ ሞገተች። በዚህ ጊዜ ተመራማሪው ምስሩን አስቀመጠ። ቡሬ፣ ዳለቻ፣ መጋላ፣ ጉራቻ፤ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሲመላለሱ የኖሩ የከብትና የፈረስ መልኮች። እስኪመሽ ድረስ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ሠዓሊዋ ደግሞ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ቀለም የተባለውን መልክ እስኪመስል ትበጠብጣለች። ሲለያዩ ሠዓሊዋ በእነዚያ ስሞች የሰየመቻቸው 11 ትንንሽ ሥዕሎች ነበሯት፤ ተመራማሪው ለመጣበት ጉዳይ ሳይሆን ለከብት መልኮች ሁለት ደብተር ሞልቶ ሄደ። ቅጹን ከዚያ በኋላ ያነሣው የለም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

ስለዚህ ሰዎቹ እርስ በርስ እንዲሠሩ ማድረግ ያንቺ ድርሻ አይደለም። ያንቺ ድርሻ ሁለት ነገር ነው፤ ጠዋት ማንም የማያንኳኳው በር፣ በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ ማንም የማይቀርበት ማዕድ።

በዚህ ነገር ረጅም ልምድ ያላቸው ቤቶችም የደረሱት እዚሁ ነው። (ከአዋጆቹ ቁጥር በቀር ዘመኖቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።) ሮም ያለው የአሜሪካ አካዳሚ በ1894 በአርክቴክቱ ቻርልስ ማኪም አነሣሽነት የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ሆኖ ተጀመረ፤ በ1913 የጥንት ግሪክንና ሮምን ከሚያጠና ሌላ ትምህርት ቤት ጋር ተዋሐደ። ከዚያ ወዲህ ምሁርና አርቲስት በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ ዛሬ በየዓመቱ ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ሽልማቱን እያገኙ ይገባሉ። የጥንት ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ የሚያነበው ከሙዚቃ ደራሲዋ ጎን ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፤ አብራችሁ አንድ ነገር ውለዱ የሚላቸው ግን የለም። በ2007 አካዳሚው የካሊፎርኒያዋን ዝነኛ የምግብ ባለሙያ አሊስ ዋተርስን ጋብዞ ወጥ ቤቱን ከሥሩ ለወጠው። መጀመሪያ ይህን ስሰማ አንድ የምርምር ተቋም ስለ ጎመንና ስለ ሰላጣ እንዲህ መጨነቁ አስቆኝ ነበር። ከድሬው ጓሮ በኋላ ግን አልሳቅሁም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የነበረው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅም እንዲሁ ነው። ሙዚቀኛው ጆን ኬጅ በ1952 ሙዚቃን፣ ግጥምን፣ ዳንስንና ሥዕልን በአንድ ጊዜ ያቀረበበት፣ እስከ ዛሬ የሚወራለት ትርዒት የተካሄደው መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ኮሌጁ ከ1933 እስከ 1957 ብቻ ነው የቆየው፤ የዘጋው የገንዘብ እጦት ነው። ወደ ገንዘቡ እመለስበታለሁ።

የጠዋቱን በር በተመለከተ የምትቀጂው ከሌላ ዓይነት ቤት ነው። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ በ1907 የተመሠረተው ማክዳወል እያንዳንዱን እንግዳ ጫካ ውስጥ ተበታትነው በተሠሩ ጎጆዎች ያሠራል፤ ምሳው በቅርጫት ሆኖ ደጃፉ ላይ ይቀመጥለታል፤ ያመጣው ሰው ሳያንኳኳ ይመለሳል። ኒው ዮርክ ያለው ያዶ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት በኛ ሰዓት አቆጣጠር የጸጥታ ጊዜ አድርጎ ኖሯል። አንቺ ጫካ የለሽም፤ ጀጎል አለሽ። 48 ሄክታር ገደማ በሚሆን ቦታ ላይ 82 መስጊድና 102 አድባር የታጨቀበት ከተማ ነው። የጎረቤትሽ ግድግዳ ያንቺም ግድግዳ ነው። መኪና ግርግር አካባቢ ከሆንሽ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ቀኑን ሙሉ አይለይሽም፤ አንዳንድ ጸሐፊ ይወደዋል፣ አንዳንዱ በሳምንቱ ሻንጣውን ይሸክፋል። ስለዚህ በማስታወቂያሽ ላይ «ጸጥታ የሰፈነበት» ብለሽ አትጻፊ። የአዛን ድምፅ፣ የልጆች ጩኸት፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ እንዳለ ጻፊና የሚመጣው አውቆ ይምጣ።

አሁን ወደ ቤቱ። የሚገባ ሰው ሁሉ የሚቀመጥበት ዋናው ክፍል ውስጥ አምስቱ ነደባዎች፣ ማለትም ከወለሉ ከፍ ብለው የተሠሩት መደቦች፣ አሉ፤ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያቸዋለሽ። አሚር ነደባ የማን እንደሆነ ስሙ ይናገራል፤ ግድር ነደባ ትልቁ ነው፤ በር አጠገብ ያለውም የራሱ ባለቤት ነበረው። ይህ ቤት ማን የት ይቀመጥ የሚለውን በጭቃና በድንጋይ የጻፈ ቤት ነው። ፕሮፌሰሩ ሳያውቀው ሄዶ አሚር ነደባ ላይ ይቀመጣል፤ ወጣቷ ሠዓሊ በሩ ሥር ትቀራለች፤ በማግሥቱም የትናንቱ ቦታ የዛሬ ሥርዓት ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያየሁባቸው ቤቶች ነደባ እንኳን አልነበራቸውም፣ ተራ ወንበር ነው ያላቸው። ያንቺ መድኃኒት ቀላል ነው። በመጀመሪያው ማታ የነደባዎቹን ስምና ትርጉም አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው፤ ከዚያ በየቀኑ ቦታ ይቀያየሩ። ስለ ማዕረግ የምታደርጊው ንግግር ሁሉ ከዚህ አይበልጥም። ለሥዕልና ለጥናት ደግሞ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ርዕስ ከየት ይመጣል?

ሙሽሮች ይገቡባት የነበረችው ጠባብ ክፍል ለጸሐፊ ናት። ረጅም ሰው እንዳታስገቢባት።

ቀለም፣ ሸክላ፣ ድንጋይ የሚሠራ ሰው ግን እዚያ ቤት ውስጥ አይሥራ። ቀይ የተቀባው ወለል ላይ ተርፐንታይን ሲፈስ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። ከሸዋ በር ውጪ በአዲሱ ከተማ በኩል ጣሪያው ከፍ ያለ አንድ መጋዘን ወይም ጋራዥ ተከራዪ፤ እዚያ ይፍጩ፣ ይቀጥቅጡ፣ ያቃጥሉ። ኪራዩ ወለል ከማደስ ይረክሳል። ቤትሽ የሚገኝበት ጀጎል በ2006 የዓለም ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ስለተመዘገበ፣ ማደስም ሆነ ግድግዳ መብሳት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሥር የሚወድቅ ጉዳይ ነው። ምስማር ከመምታትሽ በፊት የክልሉን የቅርስ መሥሪያ ቤት ጠይቂ። የሚመጣው ተመራማሪም ቢሆን ቅርስ ነክ ጥናት ከሆነ ፈቃዱን ከመድረሱ በፊት ይጨርስ፤ ከደረሰ በኋላ ወረቀት ሲያሳድድ ሦስት ወሩ ያልቅበታል።

ውሃውንም አትርሺ። ስድስት እንግዳ፣ አንዲት አብሳይ፣ አንቺ፤ የቧንቧ ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ከተማ። ትልቅ ሮቶ አስቀምጪ፣ ከዚያ ሌላ ሮቶ ጨምሪ። ቀለም ብሩሽ የሚያጥብ ሰው የሚጨርሰውን ውሃ አታውቂውም።

ውብ ቤት ግን በራሱ ማንንም አያሠራም። ፈረንሳዮች በ1666 የመሠረቱት የሮም አካዳሚያቸው ከ1803 ጀምሮ ቪላ ሜዲቺ በሚባል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ የሙዚቃ ደራሲው ደቡሲ በ1884 ታላቁን ሽልማት አሸንፎ እዚያ ገባ፣ ቤቱንም ኑሮውንም ጠላው፣ በ1887 ጊዜውን ሳይጨርስ ጥሎ ወጣ። እዚያ ቤት ጣሪያው የጎደለበት ነገር አልነበረም። ሦስት ወር ብለሽ ያሰብሽውን ያሳጠርኩብሽ ለዚህ ነው፤ ለመጀመሪያው ዙር አራት ሰው ለአምስት ሳምንት ይበቃል። አንድ ሳምንት ለመግባባት፣ ሦስት ሳምንት ለሥራ፣ የመጨረሻዋ ለመታመምም ለመናፈቅም። ከተሳካ ሰዎቹን ስድስት አድርጊ። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ይሁን። ረመዳን ከገባበት ደግሞ የምሳውን ማዕድ ወደ ማፍጠሪያ ማዛወር ነው፤ እንዲያውም ከምሳ ይሻላል፣ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ነው እጁን የሚዘረጋው።

እነማንን ልምረጥ ላልሽው፦ አንቺ አትምረጪ። ሦስት ሰው ሰይሚ፤ አንድ ተመራማሪ፣ አንድ አርቲስት፣ አንድ ደግሞ ሐረርን የሚያውቅና ከሁለቱም ያልሆነ። ዘመድሽ አይኑርበት፣ ገንዘብ የሰጠም አይኑርበት። የምትጠይቂው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። እዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ ያሰብከው ካልሆነ ምን ትሠራለህ? ለዚህ መልስ የሌለው ሰው መብራት በጠፋ ቀን አስቸጋሪ ነው። ሌላው የምትጠነቀቂው «የራምቦን መንፈስ ልፈልግ» ብሎ የሚጽፈውን ነው፤ በየዓመቱ ይመጣል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1880 ሐረር የመጣው በንግድ ድርጅት ተቀጥሮ ነው፤ ግጥሙን ትቶት ነበር። ከዚህ ሆኖ ያሳተመው ነገር ቢኖር በ1884 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ያወጣለት ስለ ኦጋዴን የተጻፈ ዘገባ ነው። እንግዲህ ሐረር ገጣሚን ጂኦግራፈር አድርጋ ታውቃለች፤ የሚመጣው ይህን ይወቅና ይምጣ። በስሙ የሚጠራው ቤትም ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው መሆኑን አንድ ሰው ይንገረው።

ከቦታዎቹ ግማሹ ለኢትዮጵያውያን ይሁን፤ ቢያንስ አንዱ ለሐረር ወይም ለድሬ ሰው። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የማያስቡት ችግር አለ። የከተማው ሰው ቤቱ እዚሁ ነው፤ ለምን ብሎ ያድራል? ስፌት የምትሰፋ የሐረሪ እናት ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር በአንድ ቤት እንድታድር ብትጋብዢ ግብዣው ስድብ ይሆናል። ስለዚህ «ነዋሪ» የሚለውን ቃል ላላ አድርጊው። ጠዋት መጥታ፣ ማዕዱን ተካፍላ፣ ማታ ቤቷ የምትገባ ሙሉ ተሳታፊ ትሁን፤ ስሟ ከፕሮፌሰሩ ስም እኩል ይጻፍ፣ የሚከፈለው አበልም ለእሷ ይቅደም፤ ከደመወዝ ፈቃድ ወጥታ የመጣች አይደለችምና የቀን ገቢዋ ይቋረጣል። በየትኛው ወገን ትመዘገብ፣ ከአርቲስቱ ወይስ ከምሁሩ? እኔ ብሆን ከምሁሩ እመድባታለሁ። እያንዳንዱን ቅርጽ በስሙ የምታውቀው እሷ ናት፤ ሌላው ሁሉ ጠያቂ ነው። የጥንት የእጅ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ካገኘሽ ደግሞ የሸሪፍ ሙዚየም ቅርብሽ ነው፤ የእጅ ጽሑፎቹን ከመሰብሰብ አልፎ እየጠገነና እየደጎሰ ያቆያቸዋል። የሚደጉሰውን እጅ ከሚያነበው ዓይን ጋር ማገናኘት ነው እንግዲህ ያንቺ ሬዚደንሲ።

በአገራችን ምሁርና አርቲስት አብረው የሠሩት ጥሩ ምሳሌ ካስፈለገሽ አዲስ አበባ ሄደሽ ዞማ ሙዚየምን እይ። በ2019 የተከፈተው ያ ግቢ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ የመስከረም አሰግድና የአርቲስቱ የኤልያስ ስሜ ነው፤ ቤቶቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ፣ ግድግዳቸው በእጅ የተቀረጸ። ሁለቱ በቅጽ አልተገናኙም፤ ለረጅም ዓመታት አብረው ሠርተዋል። ያንቺ አምስት ሳምንት ይህን አይወልድም። የሚወልደው የስልክ ቁጥር ነው፤ ሁለት ሰዎች ከሐረር ከወጡ በኋላ የሚደዋወሉበት።

ጎረቤት። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት የአያትሽን አፎቻ (የመረዳጃ ማኅበር) ሰዎች ጠርተሽ ሆጃ አጠጪና ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪያቸው። አያትሽ ስትሞት ቤቱን የሞሉት እነሱ ናቸው፤ የቤቱ ጉዳይ በጎዳና ወሬ ሊደርሳቸው አይገባም። በወር አንድ ማታ በሩን ክፈቺ፤ እንግዳው የሚሠራውን በአማርኛም በሐረሪም በኦሮምኛም ያስረዳ፣ አስተርጓሚ ይኑር። ከዚህ ሌላ ከእንግዶቹ የምትጠይቂው ነገር አይኑር። አንዳንድ ቤቶች «አንድ ሥዕል ትተህ ትሄዳለህ» ይላሉ፤ እኔ አልወደውም፤ አርቲስቱ ጎበዙን ይዞ ይሄድና ደካማውን ይተውልሻል፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የደካማ ሥዕሎች ሙዚየም ይኖርሻል።

ገንዘቡን ባጭሩ፦ ከእንግዶቹ ኪራይ አትቀበዪ፤ ከተቀበልሽ የእንግዳ ማረፊያ ነው፣ ሕጉም ግብሩም ሌላ ነው። እርዳታ ልትቀበዪ ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝገቢ፤ በግል ባንክ ሒሳብሽ የሌላ ሰው ገንዘብ አታስገቢ። የውጭ ዜጋ ቪዛን ጉዳይ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን ራሱን ጠይቂ እንጂ የጓደኛ ምክር አትስሚ። ከበጀትሽ ሲሶው ለወጥ ቤት ይሁን። ለጋሾች ይህን መስመር ሲያዩ ግንባራቸውን ያኮማትራሉ፤ «የማኅበረሰብ ግንኙነት» ብለሽ ጻፊው፣ ውሸትም አይደለም። መጀመሪያ የምትቀጥሪውም ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን አብሳይ ናት፤ ሁልበት መረቅ አሳምራ የምትሠራ፣ ሥጋ የማይበላውን የማትገላምጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወሬ የምትወድ። የእኛዋ ባትናገር ኖሮ ዳለቻው ብርጭቆ ግራጫ ተብሎ ይቀር ነበር።

የስፌቶቹ ነገር። አታውርጂ። ሠዓሊ የራሱን ሥራ መስቀያ ግድግዳ ከፈለገ መጋዘኑ ውስጥ ሞልቷል። ግን ስድስት እንግዳ በሚወጣበት በሚገባበት ቤት አንዱ መውደቁ፣ አንዱ ውሃ መንካቱ አይቀርም፤ አንዱን ደግሞ «ለጥናት» ብሎ የሚያወርደው አይጠፋም፣ ሲመልሰውም ቦታውን ይስታል። አደራደሩ ደግሞ እንዲሁ በዘፈቀደ አልነበረም። ስለዚህ አሁን፣ ማንም ሳይገባ፣ ግድግዳውን በሙሉ ከፊት ለፊት ፎቶ አንሺው፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን ስፌት ለብቻው፣ ጀርባውን ጭምር። በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የስፌቱን ስም፣ ማን እንደሰፋችው፣ ለየትኛው ሠርግ እንደመጣ ጻፊ። የማታውቂው ይበዛብሻል። ከአያትሽ እኩዮች በሕይወት ያለች አንዲት እናት ካለች ነገ ጠዋት ሂጂና አምጫት፤ ግድር ነደባ ላይ አስቀምጠሽ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ አስጠሪያት።